ቁጥሩ ሲወጣ ዕጢው ይወርዳል፦ ከቲኤስኤች ጋር ትውውቅ

ቲኤስኤች የሚባለው የደም ምርመራ በላብራቶሪ ወረቀት ላይ የሚይዘው አንዲት መስመር ነው። ስሙ፣ አጠገቡ አንድ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ በቅንፍ የተቀመጠ መነሻና መድረሻ፤ ሌላ ነገር የለውም። በላብራቶሪ ሙያ የቆየሁ ሰው ነኝና ልናገር፦ ለወራት የዛለን ሰው ጉዳይ ለማጣራት ከሚታዘዙ ምርመራዎች መካከል በአንዲት ቁጥር ይህን ያህል የሚናገር የለም። ይህን ያህል ተገላብጦ የሚነበብም የለም።

ከሐገረ ሰላም ተነስቶ ቦሬንና አዶላን አልፎ እስከ ነገሌ ቦረና በሚዘልቀው መንገድ ላይ አቅም ያነሰው ሰው መጀመሪያ የሚታዘዝለት ቲኤስኤች አይደለም። «ታይፎይድና ታይፈስ» ይታያል። አንዱ «ፖዘቲቭ» ይባልና መድኃኒት ይጀመራል። ድካሙ ካልለቀቀ ቢ ኮምፕሌክስ መርፌ ይወጋል፤ ከዚያም ግሉኮስ ይሰቀላል። ሰውየው ለሁለት ቀን ነቃ ብሎ በሦስተኛው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ለታይፎይድ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ ቀድሞ ታሞ የዳነውንም፣ ሌላ ኢንፌክሽን ያለበትንም ፖዘቲቭ ሊያደርግ ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ይህን ባለሙያዎቹ ያውቁታል። ትኩሳት የሌለበትን፣ ግማሽ ዓመት ሙሉ የደከመውን ሰው በየወሩ የታይፎይድ መድኃኒት ማዋጥ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

ታይሮይድ አንገት ላይ፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ትንሽ ዕጢ ነው። ቲ ፎር እና ቲ ስሪ የሚባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል፤ የልብ ምትን፣ የሰውነት ሙቀትን፣ የአንጀትንና የአእምሮን ፍጥነት የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ሲያንሱ ሰው ይደክማል፣ ይበርደዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ሳይበላ ክብደት ይጨምራል። ቦሬ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ጭጋጋም ከተማ ስለሆነች ብርዱ ምልክትነቱን ያጣል። ነገሌ ላይ በቀትር ጋቢ የደረበ ሰው ቢታይ «ምን ሆነሃል?» ይባላል፤ ቦሬ ላይ ሁሉም ደርቧልና ማንም ልብ አይለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቲኤስኤች የታይሮይድ ሆርሞን አይደለም። ከአንጎል ሥር ያለችው፣ ከአተር ብዙም የማትበልጠው ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ የምታመነጨው ትእዛዝ ነው። ታይሮይዱን «ሥራ!» የምትለው በእሱ ነው። ከሸለቆ ማዶ ያለን ሰው የሚጠራ ሰው መልስ ካላገኘ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ሰውየው ከቀረበ ግን ዝቅ አድርጎ ያናግረዋል። ቲኤስኤችም እንዲሁ ነው። ታይሮይዱ ሲሰንፍ ፒቱታሪ ትጮሃለች፣ ቁጥሩ ይወጣል። ታይሮይዱ ከልክ በላይ ሲሠራ ዝም ትላለች፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ስለዚህ ከፍ ያለ ቲኤስኤች ያነሰ ታይሮይድ ነው፤ ዝቅ ያለ ቲኤስኤች ደግሞ የበዛ ታይሮይድ።

ይህ ለባለሙያ ተራ ነገር ነው። ወረቀቱን ይዞ ለሚሄደው ሰው ግን ተራ አይደለም። አንዲት መምህርት ውጤቷን ይዛ መጥታ «ወንድሜ፣ ከፍ ብሏል፤ ታይሮይዴ በዝቷል ማለት ነው አይደል?» አለችኝ። ቲኤስኤቿ 18 ነበር፤ መደበኛው ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ነው። በእጇ በወረቀት የተጠቀለሉ ክኒኖች ይዛለች። ጎረቤቷ «እኔም ታይሮይድ አለብኝ» ብላ ከራሷ ያካፈለቻት ነው። ክኒኑ ፒቲዩ ነበር። ፒቲዩ የታይሮይድን ሥራ የሚያዳክም መድኃኒት ነው፤ የጎረቤቷ ዕጢ በዝቶባታል፣ የእሷ ግን አንሷል። በሰነፈው ዕጢ ላይ ሌላ ማስነፊያ ልትጨምርበት ነበር። ሁለቱም ሴቶች «ታይሮይድ አለብኝ» ይላሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ በሽታቸው ግን ተቃራኒ ነው። የታይሮይድ መድኃኒት ተካፍሎ መዋጥ የሚያስቆጣኝ ለዚህ ነው።

የቲኤስኤች ትልቁ ችሎታ ቀድሞ መናገሩ ነው። በደም ውስጥ ያለው ቲ ፎር በግማሽ ቢቀንስ ቲኤስኤች ወደ መቶ እጥፍ ሊጨምር ይችላል። ፒቱታሪ የምትሰማው ለውጥ በጣም ጥቂት ነው፤ ጩኸቷ ግን ትልቅ ነው። ስለዚህ ቲ ፎር ገና በመደበኛው ክልል ውስጥ ሳለ ቲኤስኤች ወጥቶ ሊገኝ ይችላል። ይህን የመሰሉ እጅግ ጥቃቅን የሆርሞን መጠኖችን መለካት የተቻለው ሮዛሊን ያሎ እና ሰለሞን በርሰን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በፈጠሩት ዘዴ ነው፤ ያሎ ለዚህ ሥራዋ በ1977 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። ከዚያ በፊት ሐኪሞች የሰውነትን የኦክስጅን አጠቃቀም እየለኩ ነበር የታይሮይድን ሥራ የሚገምቱት።

ይህ ቶሎ የመጮህ ጠባይ ግን ያስቸኩላል። 5 ወይም 7 የሆነ ቲኤስኤች ከመደበኛ ቲ ፎር ጋር ሲገኝ በዚያው ቀን ለሰነፈ ታይሮይድ የሚሰጠውን ክኒን መጀመር ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ቁጥሩ ማታ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል፤ ከከባድ በሽታ ሲያገግሙም ለጊዜው ይወጣል። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ሲደገም ወደ ቦታው ተመልሶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። በአውሮፓ ተደርጎ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ቲኤስኤቻቸው በመጠኑ ብቻ ከፍ ያለ 737 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ክኒኑን የወሰዱት ካልወሰዱት በድካም ስሜት እንዳልተለዩ አሳይቷል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም እርግዝና ካሰቡ ግን ሚዛኑ ሌላ ነው፤ ውጤቱን ይዞ ወደ ሐኪም ለመሄድ መዘግየት አይገባም።

በእኛ አገር በተለይ መነገር ያለበት ሌላ ነገር አለ። ሴት በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ከፈሰሳት ፒቱታሪዋ ራሷ ልትጎዳ ትችላለች። ጡቷ ወተት አይዝም፣ የወር አበባዋ አይመለስም፣ ለዓመታት ትደክማለች። ጠሪዋ ፒቱታሪ ራሷ ታማለችና በእሷ ደም ውስጥ ቲኤስኤች አይወጣም፤ መደበኛ መስሎ ወይም ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ቲ ፎር ደግሞ አንሷል። ቲኤስኤች ብቻ ታዝዞ «ታይሮይድሽ ደህና ነው» ተብላ ትሸኛለች። ስለዚህ በወሊድ ብዙ የደማች እናት ድካሟን ስትናገር ያንን ወሊድ አብራ ትንገር፤ ሐኪሙም ቲ ፎርን አብሮ ይዘዝ።

አንገት ላይ እብጠት ማየትና የቲኤስኤች ውጤት አንድ አይደሉም። እንቅርት ያለባቸው ብዙ ሰዎች ቲኤስኤቻቸው መደበኛ ነው፤ ዕጢው የተነፋው ያነሰውን አዮዲን አሟጥጦ ለመጠቀም ነው። ዝናብ የሚያጥባቸው ተዳፋት ደጋዎች አዮዲናቸው ከአፈሩ እየታጠበ ይሄዳል፤ የቦሬም ዙሪያ እንዲህ ያለ ነው። ኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት አዮዲን ያለበትን ጨው የምታገኘው ከምጽዋና ከአሰብ ነበር። ያ ሲቋረጥ የአፋሩ አፍዴራ ዋና ምንጭ ሆነ፤ አብዛኛው ጨው ግን አዮዲን ሳይጨመርበት ነበር ገበያ የሚደርሰው። በ2005 እ.ኤ.አ. በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከትምህርት ቤት ዕድሜ ሕፃናት ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት እንቅርት ነበረባቸው። በ2011 እ.ኤ.አ. አዮዲን መጨመርን የሚያስገድድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶ አባወራዎች ቤት ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ወደ 89 በመቶ ደረሰ። ይህን ያህል ርቀት በአምስት ዓመት መሄድ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሲወራለት አልሰማሁም።

ታዲያ ጨዉን ቤት ውስጥ የሚያበላሸው አያያዛችን ነው። አዮዲን ፀሐይን፣ እርጥበትንና እሳትን አይችልም። ቦሬ ላይ በክፍት ሳህን ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠ ጨው እርጥበቱንም ሙቀቱንም ያገኘዋል። ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር ይበቃል። ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ከኤል ሶድ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቅ የሚወጣው ጨው ደግሞ ለከብት የሚሰጥ ድንቅ ሀብት ነው፤ አዮዲን ግን አልተጨመረበትም፤ ለሰው ማዕድ አዮዲን ያለውን ጨው አይተካም።

እንቅርት ለዓመታት የቆየባቸው አዛውንቶች በድንገት ብዙ አዮዲን ሲያገኙ ዕጢያቸው ከልክ በላይ ሊሠራ ይችላል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚምባብዌና በኮንጎ ጨው ላይ አዮዲን ሲጨመር ይህ ታይቷል። ልብ መምታት፣ መክሳትና የእጅ መንቀጥቀጥ ሲጨመር «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብሎ መተው አይገባም፤ እዚህ ላይ ዝቅ ያለው ቲኤስኤች ነው የሚመሰክረው።

ድካም ሲነሳ ስማቸው ስለማይቀረው ቫይታሚኖች አጠር ላድርግ፤ አንዷን ግን አልተዋትም፤ እሷም ባዮቲን ናት። ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች ለፀጉርና ለጥፍር እያሉ የሚያመጧቸው ክኒኖች ብዙ ጊዜ ባዮቲን አለባቸው። ብዙ ባዮቲን ያለበት ደም በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ቲኤስኤችን ዝቅ፣ ቲ ፎርን ከፍ አድርጎ በሐሰት ያሳያል። ጤነኛዋ ሴት ታይሮይዷ የበዛባት ትመስላለች። ከምርመራው በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን ማቆምና ለባለሙያው መንገር ነው መፍትሔው።

ቢ12ን የሚመረመሩ ሰዎች በዚያው ሳምንት መርፌ ተወግተው ይመጣሉ። የመርፌው ቢ12 ደሙን ስለሞላው ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ እጥረቱ ግን ተደብቋል። ደሙ መጀመሪያ ይቀዳ፣ መርፌው ከዚያ ይሁን። ጉበት ቢ12ን ለዓመታት ያስቀምጣልና የአንድ ሁዳዴ ጾም ለብቻው አያጎድለውም፤ ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስድ ሰው ግን መመርመር አለበት። በቫይታሚን ዲ ላይ ደግሞ ከቁጥሩ ቀድሞ መለኪያው ይታይ፦ 20 ናኖግራም በሚሊሊትር እና 50 ናኖሞል በሊትር እኩል ናቸው። በአዳማና አካባቢዋ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በከተማው ተማሪዎች ዘንድ እጥረቱ 61.8 በመቶ፣ በገጠሩ 21.2 በመቶ መሆኑን አግኝቷል። ፀሐይ ባለባት አገር ቤት ውስጥ መዋል የሚያደርገው ይህ ነው።

ደም ማነስ ድካም የሚያመጣ ዋና ጉዳይ ነውና ሄሞግሎቢንን ሳላነሳ አላልፍም። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያውን በከፍታ ያስተካክላል። 13 የሆነባት ሴት 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ነገሌ ደህና ናት፤ በዚያው ቁጥር ቦሬ ላይ ግን በማስተካከያው መሠረት ከመነሻው በታች ልትሆን ትችላለች። በ2002 እ.ኤ.አ. በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ያየ ጥናት ግን ሄሞግሎቢናቸው እንደ ባሕር ዳርቻ ሰው ሆኖ ስላገኘው ማስተካከያው ለኢትዮጵያ ደገኛ ሁሉ ይሠራል ወይ የሚለው አከራካሪ ነው። ስለዚህ ከሄሞግሎቢን ጋር ፌሪቲንን ማየት ይረዳል። ፌሪቲን ግን ኢንፌክሽን ባለበት ሰው በሐሰት ከፍ ይላል፤ ወባ ይዞት የተመረመረ ሰው «ብረትህ ደህና ነው» ተብሎ ሊታለል ይችላል።

ወደ ታይሮይዱ ልመለስ። ለሰነፈ ታይሮይድ የሚሰጠው ክኒን ሌቮታይሮክሲን ነው። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ይዋጣል፤ ቡና ከእሱ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መጠበቅ አለበት። በጉጂና በቦረና ቤቶች በጠዋት በቅቤ የሚቀላው ቡና ቀላ እና ወተት የሚወደዱበትን ያህል ክኒኑን ያደናቅፋሉና ይዘግዩ። ብረትና ካልሲየም ከአራት ሰዓት በኋላ። መጠኑ ከተቀየረ ቲኤስኤች የሚደገመው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት መመርመር ገንዘብ ማባከን ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ የላብራቶሪ ወረቀታችሁን አትጣሉ። ቀኑን፣ የተቀዳበትን ሰዓትና በዚያ ሳምንት የዋጣችሁትንና የተወጋችሁትን ሁሉ ከጀርባው ጻፉበት፤ ወደ ሐዋሳም ሆነ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ስትባሉ የድሮውን ከአዲሱ ጋር አብራችሁ ያዙት።