ከሠርጉ በፊት የሚነሣ ጥያቄ፦ የውጭ አገር ዜጋ የሆነ ሙሽራ የመኖሪያ ፈቃድ

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡናው ተፈልቶ፥ ፈንዲሻው ቀርቦ ሳለ ልጅዎ “እማዬ፥ የማስተዋውቅሽ ሰው አለ” ብላ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ወጣት ይዛ ብትገባ ምን ይሰማዎታል? መደንገጥዎ አይቀርም። ከድንጋጤው በኋላም ጥያቄው ይከታተላል። የማን ልጅ ነው? ሃይማኖቱስ? ሥራ አለው ወይ? ልጄን ይዞብኝ ይሄድ ይሆን? ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝም የሚነሣው ይኸው ነው።

እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ የእናት ጥያቄዎች ናቸውና ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ በአብዛኛው ከመካከላቸው አንድ ጥያቄ ይጎድላል። ይኸውም “ለመሆኑ የመኖሪያ ፈቃድ አለህ ወይ? ቪዛህስ መቼ ያልቃል?” የሚለው ነው። ሰው ሊዳር በመጣ ጊዜ ስለ ወረቀት መጠየቅ ነውር ይመስላል። ነገር ግን ይህ ጥያቄ በጊዜው ባለመነሣቱ ድግሱ ተደግሶ፥ መልሱና ቅልቅሉ አልቆ፥ አዲሱ ትዳር ገና እግሩን ሳይተክል ባልና ሚስት በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ሲንከራተቱ ይታያል። አበው “ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ” ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ጋብቻ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም

ብዙ ሰዎች ኢትዮጵያዊት ያገባ የውጭ አገር ሰው ከጋብቻው ዕለት ጀምሮ በአገራችን እንደ ልቡ መኖርና መሥራት የሚችል ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። ጋብቻ የመኖሪያ ፈቃድ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ይሆናል እንጂ ራሱ ፈቃድ አይደለም። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ሲሆን፥ መሠረቱም በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 354 እና እርሱን ተከትለው የወጡት ደንቦችና ማሻሻያዎች ናቸው።

ስለዚህ ሙሽራው ለጉብኝት በተሰጠ ቪዛ የገባ ከሆነ የቪዛው ቀን መቆጠሩን ሠርጉ አያስቆመውም። ጊዜው ካለፈ ቀን በቀን የሚቆጠር ቅጣት ይከተላል። ከሁሉ በፊት መደረግ ያለበት እጮኛሞቹ አብረው ወደ መሥሪያ ቤቱ ቀርበው፥ በእጁ ያለው ቪዛ ወደ መኖሪያ ፈቃድ የሚያደርሰው መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ነው። ጊዜው ሊያልቅ የተቃረበ ከሆነም ከማለፉ በፊት ማራዘም ይገባል። ይህን ጥያቄ ከሠርጉ ሁለትና ሦስት ወር በፊት የጠየቀ ሰው ብዙ መጉላላትን ያተርፋል።

ጋብቻው በሕግ ፊት እንዲጸና

በመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ላይ ዋናው ሰነድ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። ፎቶግራፉ፥ የሠርጉ ካርድ፥ የሽማግሌዎች ምርቃት ሁሉ ደስ ያሰኛል እንጂ የምስክር ወረቀትን አይተካም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት ማለት ነው፥ ጋብቻ በሦስት መንገድ ሊፈጸም እንደሚችል ይገልጻል። እነዚህም በክብር መዝገብ ሹም ፊት፥ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል ሥርዓት የሚፈጸሙት ናቸው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በዚያ የሚጋቡ የአካባቢያቸውን መጠየቅ አለባቸው። ጋብቻው በየትኛውም መንገድ ቢፈጸም መመዝገብ አለበት። በቤተ ክርስቲያን ወይም በኒካህ ተጋብተው “ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?” ብለው የተቀመጡ ባልና ሚስት፥ ማመልከቻ ይዘው በቀረቡ ጊዜ ነው ችግሩን የሚያውቁት። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ለጋብቻ ምዝገባ የሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው።

በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለመጋባት ያሰቡ ደግሞ ቀኑን አስቀድመው ሊቆጥሩ ይገባል። ከተጋቢዎቹ አንዳቸው፥ ወይም ከቅርብ ዘመዶቻቸው አንዱ፥ በዚያ ስፍራ ቢያንስ ለአንድ ወር ያለማቋረጥ የኖረ መሆን አለበት። ለመጋባት ማሰባቸውንም ከጋብቻው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብለው ለሹሙ ያስታውቃሉ። በዕለቱ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ምስክሮች ይቀርባሉ። ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸውና በነፃ ፈቃዳቸው የሚጋቡ መሆን አለባቸው። እንግዲህ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ የመጣ ሙሽራ ይህን ሳያውቅ የመመለሻ ትኬቱን ቢቆርጥ ምን ሊገጥመው እንደሚችል እርስዎው ይገምቱት።

ከሙሽራው በኩል የሚፈለገው ዋና ማስረጃ በአገሩ ሌላ ጋብቻ የሌለው መሆኑን የሚገልጽ ሰነድ ነው። ቀድሞ አግብቶ የፈታ ከሆነ የፍቺው ውሳኔ፥ ሚስቱ የሞተችበት ከሆነም የሞት ማስረጃው ያስፈልጋል። በውጭ አገር ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ በሕጋዊ ትርጉም ቤት መተርጎምና መረጋገጥ ስለሚኖርበት ጊዜ ይወስዳል። ይህን ሰነድ መጠየቅ ለልጅዎም ጥበቃ ነው። “ወረቀቱ በኋላ ይመጣል” የሚል ሙሽራ በአገሩ ሌላ ትዳር የሌለው መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ድግሱ ቢዘገይ ማንም አይጎዳም።

ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲቀርቡ

ጋብቻው ከተመዘገበ በኋላ ለመኖሪያ ፈቃዱ የሚያመለክቱት ባልና ሚስቱ አብረው ቢሆኑ ይመረጣል። ሊዘጋጁ የሚገባቸው የሙሽራው ፓስፖርት ከነቪዛው፥ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ፥ የኢትዮጵያዊቷ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት፥ ማመልከቻና ፎቶግራፍ ናቸው። የሁሉም ዋናውና ቅጂው አብሮ ይያዝ። ስም በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ መጻፉን አስቀድመው ይመልከቱ። የውጭ አገር ስም በፊደላችን ሲጻፍ አንዱ ጸሐፊ በአንድ መንገድ፥ ሌላው በሌላ መንገድ ስለሚጽፈው፥ ለዚህ ብቻ መመላለስ የደረሰባቸው አሉ። ክፍያውና ቅጹ በየጊዜው ስለሚለወጥ ከመሥሪያ ቤቱ ከራሱ ይጠይቁ እንጂ ከሰው አፍ በሰሙት አይመኑ።

በደጃፍ ላይ ቆመው “እኔ ላስጨርስላችሁ” ለሚሉ ደላሎች ፓስፖርት መስጠት ከባድ ስሕተት ነው። ገንዘቡ ቢጠፋ ይተካል፤ ፓስፖርት ቢጠፋ ግን ጉዳዩ ሁሉ ከሀ ይጀምራል። ሐሰተኛ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ቢገኝ ደግሞ የሚጠየቀው ደላላው ብቻ አይደለም፤ ይዞት የቀረበውም ነው።

ፈቃዱ ሲገኝ የጊዜ ገደብ ይኖረዋልና የሚታደስበትን ቀን እንደ ልጅ ክትባት ቀን ግድግዳ ላይ ጽፎ መለጠፍ ያስፈልጋል። የመኖሪያ ፈቃድና የሥራ ፈቃድም ለየብቻ መሆናቸውን ልብ ይበሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እንደሚለው የውጭ አገር ሰው ተቀጥሮ የሚሠራው የሥራ ፈቃድ ሲኖረው ነው። ይህም ፈቃድ ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ለ3 ዓመት የሚሰጥ ሆኖ በየዓመቱ ይታደሳል። አዲስ ጎጆ የሚቀልሱት ባልና ሚስት እስከዚያ ድረስ በማን ደመወዝ እንደሚኖሩ ከሠርጉ በፊት ቢነጋገሩበት መልካም ነው።

ሙሽራው ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ እንደሆነ ግን መንገዱ ይለያል። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ የያዘ የውጭ አገር ዜጋ የመግቢያ ቪዛም፥ የመኖሪያ ፈቃድም፥ የሥራ ፈቃድም አያስፈልገውም። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ መጥቶ እዚህ የሚያገባ የወገን ልጅ አስቀድሞ ይህን መታወቂያ ቢያወጣ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

“ልጄ ኢትዮጵያዊነቷን ታጣ ይሆን?”

ይህ ጥያቄ ከአያቶቻችን ጊዜ የመጣ ስጋት ነው፤ በጊዜውም መሠረት ነበረው። በ1922 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት ሕግ ኢትዮጵያዊ ያገባች የውጭ አገር ሴት ኢትዮጵያዊት ትሆን ነበር። በአንጻሩ የውጭ አገር ሰው ያገባች ኢትዮጵያዊት የባሏን ዜግነት በጋብቻው የምታገኝ ከሆነ ኢትዮጵያዊነቷን ታጣ ነበር። ወንዱ ሲያገባ ለሚስቱ ዜግነት ይሰጣል፤ ሴቷ ስታገባ የራሷን ትለቅ ነበር ማለት ነው። ጋብቻው በፍቺ ወይም በሞት ከፈረሰ በኋላ እንኳ ዜግነቷን መልሳ ለማግኘት ወደ አገሯ ተመልሳ ማመልከት ነበረባት።

ዛሬ ይህ የለም። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 33፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ ኢትዮጵያዊ ከውጭ አገር ዜጋ ጋር በመጋባቱ ዜግነቱ እንደማይቀር ይደነግጋል። ልጅዎ በፈቃዷ የሌላ አገር ዜግነት እስካልወሰደች ድረስ ኢትዮጵያዊት ናት።

ባልየውስ? በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 መሠረት ኢትዮጵያዊት ያገባ፥ ወይም ኢትዮጵያዊ ያገባች፥ የውጭ አገር ዜጋ ዜግነት ሊጠይቅ የሚችለው ጋብቻው ከተፈጸመ ቢያንስ 2 ዓመት ሲሞላውና ከማመልከቻው በፊት ቢያንስ 1 ዓመት በኢትዮጵያ የኖረ እንደሆነ ነው። ጋብቻ ያልፈጸመ ሌላ የውጭ አገር ሰው 4 ዓመት መኖር ይጠበቅበታል። ነገር ግን አገራችን ጥንድ ዜግነትን ስለማትፈቅድ የቀድሞውን መተው ግድ ነው። የአገሩን ዜግነት መተው የማይፈልግ ሰው የመኖሪያ ፈቃዱን እያሳደሰ ይኖራል። የፈቃዱን ነገር አጥብቀን የምንናገረውም ስለዚህ ነው። ለብዙዎቹ ትዳሩ እስካለ ድረስ አብሮ የሚኖር ወረቀት ነው።

የልጅ ልጅዎ ደግሞ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ኢትዮጵያዊ ነው። የልደት ምዝገባው ከ90 ቀን ሳያልፍ ይፈጸም። ልጁ በአባቱ በኩል የሌላ አገር ዜግነት የሚያገኝ ከሆነ፥ ለአካለ መጠን በደረሰ በ1 ዓመት ጊዜ ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን ለመያዝ መምረጡን ማስታወቅ እንዳለበት ወላጆቹ አይርሱ። ትንሽ ሳለ የሚረሳ፥ ሲያድግ ግን የሚቆጭ ነገር ነው።

ለወንድ ልጅ እናቶች አንድ ቃል

እስካሁን ስለ ሴት ልጅዎ ተነጋገርን። ወንድ ልጅዎ የውጭ አገር ሴት ቢያገባስ? ሕጉ አንድ ነው፤ ሸክሙ ግን በእርሷ ላይ ይከብዳል። እናትም እህትም ጎረቤትም በሌለበት አገር፥ የመኖሪያ ፈቃዷ በባሏ ፊርማና መታወቂያ ላይ የቆመ ሴት ናት። ባልየው በተቆጣ ቁጥር “ነገ ወደ አገርሽ አስልክሻለሁ” ቢላት፥ ወይም ፓስፖርቷን ሳጥን ውስጥ ቢቆልፍባት፥ ትዳሩ እስር ቤት ይሆንባታል። በቤተሰብ ሕጋችን ባልና ሚስት በትዳራቸው እኩል መብት አላቸው፤ ጋብቻን በፍቺ የሚያፈርሰውም ፍርድ ቤት እንጂ የባል ቁጣ አይደለም። ፓስፖርቷ በእጅዋ ይሁን። ፈቃዷ የሚታደስበትን ቀንም እርሷ ራሷ ትወቀው። እርስዎ ልጅዎ በሰው አገር ቢሆን እንዲደረግለት የሚመኙትን ለዚህች የሰው ልጅ ያድርጉላት።

እንግዲህ ውድ እናቶችና እህቶች፥ ያ እሑድ በመጣ ጊዜ እንግዳውን በወጉ ተቀብለው ቡናውን ያጠጡት። ስለ ቤተሰቡም ስለ ሥራውም ይጠይቁት። ሦስተኛው ስኒ ሲቀዳ ግን ያንን የማይጠየቀውን ጥያቄ ሳያፍሩ ያንሡለት። ልጅዎን ከልቡ የሚወድና አብሯት በዚህ አገር ለመኖር የቆረጠ ሰው ከሆነ በጥያቄው አይቆጣም። ፓስፖርቱን አውጥቶ ቀኑን አብሮዎት ይቆጥራል።