ዩኒፎርሙን ማን ይወስን? ማንስ ይክፈል?

ነሐሴ ሲጋመስ የልብስ ሰፊዎች ቤት ይጨናነቃል። እናት ጨርቁን በፌስታል አንጠልጥላ፣ ልጇን ከሰፊው ፊት አቁማ፣ «ትንሽ ለቀቅ አድርግለት፤ ዓመቱን ይዝለቅለት» ትላለች። ሰፊውም የሱሪውን እግር አስረዝሞ ጫፉን ወደ ውስጥ ያጥፋል። ልጁ ሲመዘዝ እጥፋቱ ይፈታል፤ ለሁለተኛ ሱሪ የሚወጣው ገንዘብም ለጥቂት ወራት ይዘገያል።

ልጁ ሰባተኛ ክፍል የሚገባ ከሆነ ግን ይህ ዘዴ እምብዛም አያዋጣም። በ13 እና በ14 ዓመት የልጅ ቁመት የሰፊውን እጥፋት አይጠብቅም። በዚያ ላይ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል የጀመረው ሥርዓተ ትምህርት 7ኛንና 8ኛን ክፍል «መካከለኛ ደረጃ» ብሎ ከአንደኛ ደረጃ ለይቷቸዋል። ደረጃው ሲቀየር ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ወይም የልብሱ ቀለም ይቀየራል፤ ልጁ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ደግሞ እንደገና ይቀየራል። ስለዚህ ወላጅ በመካከለኛ ደረጃ የሚገዛው ልብስ ቢበዛ ሁለት ዓመት የሚያገለግል፣ ብዙውን ጊዜ ግን በአንዱ ዓመት የሚያጥር ልብስ ነው።

ዩኒፎርም ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው የቆየ ክርክር ይህን ወጪ ሲያነሣ እምብዛም አይሰማም። ደጋፊዎቹ፣ የሀብታምና የድሃ ልጅ በአንድ ልብስ እኩል ይቆማል፣ በትምህርት ሰዓት መንገድ ላይ የሚውል ተማሪ ይለያል፣ ግቢ የገባ ባዕድ ሰው ወዲያው ይታወቃል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ፣ ልብስ ጠባይ አይለውጥም፣ ፉክክሩም ከሸሚዝ ወደ ጫማና ወደ ሞባይል ይዞራል እንጂ አይጠፋም ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። እኔ ግን ቀድሞ መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ እላለሁ፦ ልብሱን የሚወስነው ማን ነው? የሚከፍለውስ? ወሳኙ ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ በሆነበት ትምህርት ቤት ሁሉ ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መነሻው የሚሰጥ ልብስ ነበር

የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1552 ለንደን ውስጥ ለድሃና ለሙት ልጆች የተቋቋመው ክራይስትስ ሆስፒታል የተባለው ትምህርት ቤት ነው። ልጆቹ ረጅም ሰማያዊ ካፖርት ይለብሱ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬም ያንኑ ልብስ ይዞ ቀጥሏል። ልብሱ የተሰጠው ልጆቹ የሚለብሱት ስላልነበራቸው ነው። ከዘመናት በኋላ የባለጸጎች ትምህርት ቤቶች የራሳቸውን ልብስ የክብር ምልክት አደረጉት፤ ልማዱም በሚሲዮኖችና በቅኝ ግዛት አስተዳደሮች በኩል ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ተዛመተ። በዚህ ጉዞ መሐል ለድሃ ልጅ ይሰጥ የነበረው ልብስ የድሃ ልጅ ወላጅ ለመግዛት የሚገደድበት ልብስ ሆነ።

እንግሊዝ ራሷ ወደዚህ ችግር ዘግይታም ቢሆን ተመልሳለች። እ.ኤ.አ. በ2021 የዩኒፎርም ወጪን የሚመለከት ሕግ አወጣች። በሕጉ መሠረት የወጣው መመሪያ የትምህርት ቤቱ አርማ የታተመባቸው ልብሶች ቁጥር እንዲቀንስ፣ ወላጅ ከአንድ ሻጭ ብቻ እንዲገዛ የሚያስገድድ ውል ያለ ውድድር እንዳይደረግ፣ ያገለገለ ዩኒፎርምም ለወላጆች እንዲቀርብ ያዛል። አርማና ብቸኛ ሻጭ ዋጋን እንዴት እንደሚሰቅሉ በአዲስ አበባ ልጁን የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወላጅም ያውቀዋል።

የሎንግ ቢች ወላጆች

ጉዳዩ ወላጆችን በቀጥታ ያገባው በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በሎንግ ቢች ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የከተማው ትምህርት አስተዳደር በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ ዩኒፎርም ግዴታ እንዲሆን ወሰነ። በአገሪቱ ትልልቅ የከተማ ትምህርት አስተዳደሮች መካከል ይህን ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር፤ ውሳኔው ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ልጆችን ነካ። መነሻው ስጋት ነበር። በከተማው ወንበዴ ቡድኖች በልብስ ቀለም ይለዩ ስለነበር፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ የለበሰ ልጅ ሳያውቀው የአንዱ ቡድን አባል መስሎ ጥቃት ሊደርስበት ይችል ነበር።

በዚያው ዓመት የወጣው የግዛቱ ሕግ ግዴታውን ሲፈቅድ ገደብም አኖረለት። ወላጆች ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት እንዲያውቁ፣ አቅም ለሌላቸው ልጆች ድጋፍ እንዲዘጋጅ፣ በዩኒፎርሙ የማይስማማ ወላጅ ልጁን ከግዴታው የሚያስወጣበት መንገድ እንዲኖር አዘዘ። የልብሱን ዓይነት የሚመርጡትም የየትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ ሠራተኞችና ወላጆች በጋራ እንዲሆኑ ደነገገ።

ሕጉ በወረቀት ላይ መልካም ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1995 ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰቦች፣ ስለ ድጋፉም ሆነ ከግዴታው ስለመውጣት መብታቸው በቂ ማስታወቂያ አልደረሰንም ብለው ከሰሱ፤ ጉዳዩም በስምምነት አለቀ። ከሎንግ ቢች ታሪክ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምይዘው ይህንን ነው። መብት ተጽፎ መቀመጡ ብቻውን ወላጅን አይጠቅምም፤ ወሬው በሚገባው ቋንቋ፣ በሚመቸው ጊዜ፣ እቤቱ ድረስ መድረስ አለበት።

እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በዓመታዊ ንግግራቸው ዩኒፎርምን ደገፉ፤ ሐሳቡም በመላ አገሪቱ ተሰራጨ። ዛሬ የዩኒፎርም ጉዳይ በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ቤት ገብቷል። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት አማርኛ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ በዚያች ከተማ ልጁን የመንግሥት ትምህርት ቤት ያስገባ አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ አስተርጓሚ ቢጠይቅ መብቱ ነው። «እንግሊዝኛዬ አያግባባም» ብሎ ከስብሰባ መቅረት አይገባውም።

ልብሱ ምን ለወጠ?

ሎንግ ቢች ከውሳኔው በኋላ በትምህርት ቤቶቹ ወንጀል መቀነሱን አስታወቀ። ተመራማሪዎች ግን በዚያው ጊዜ ሌሎች የጸጥታ እርምጃዎችም ስለተወሰዱ ለውጡን ለልብሱ ብቻ መስጠት ያስቸግራል አሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ዴቪድ ብሩንስማ እና ኬሪ አን ሮክኬሞር የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን አገር አቀፍ መረጃ መርምረው፣ ዩኒፎርም በጠባይም ሆነ በክፍል መገኘት ላይ ያመጣው ለውጥ አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የኤሊሳቤታ ጄንቲሌና የስኮት ኢምበርማን ጥናት ደግሞ በአንድ ትልቅ ከተማ የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ሴት ልጆች ከዩኒፎርም በኋላ ከክፍል መቅረታቸው መቀነሱን አሳየ። ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሰው፣ ልብሱ ደጋፊዎቹ የሚሉለትን ተአምር እንደማይሠራ፣ ተቃዋሚዎቹ እንደሚሉትም ሁልጊዜ ከንቱ እንዳልሆነ ይረዳል።

የእኛን ኑሮ በይበልጥ የሚመስለው የኬንያ ማስረጃ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የአንደኛ ደረጃ ክፍያን ስታስቀር ዩኒፎርም ግን በወላጅ ጫንቃ ላይ ቀረ። ኤስተር ዱፍሎ፣ ፓስካሊን ዱፓ እና ማይክል ክሬመር በምዕራብ ኬንያ 328 ትምህርት ቤቶችን ባካተተ ጥናት፣ በከፊሎቹ ለ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒፎርም በነጻ እንዲሰጥ አደረጉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ትምህርት ያቋረጡ ሴት ልጆች ድርሻ ከ19 በመቶ ወደ 16 በመቶ፣ ያረገዙት ደግሞ ከ16 በመቶ ወደ 13 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ዴቪድ ኤቫንስና ሙቶኒ ንጋቲያ ባደረጉት ሌላ ጥናት፣ ዩኒፎርም የተሰጣቸው ልጆች ከትምህርት መቅረት በአማካይ በ37 በመቶ ቀነሰ፤ ቀድሞ ዩኒፎርም ላልነበራቸው ልጆች ደግሞ ቅነሳው 55 በመቶ ደረሰ። ከስምንት ዓመት በኋላ ግን ልጆቹ በደረሱበት ክፍል ላይ የሚታይ ልዩነት አልቀረም። አንድ ጊዜ የተሰጠ ልብስ ያረጃል፣ ያጥራልም፤ ድጋፉም አብሮ ያበቃል።

«ወላጅ አምጣ»

በኢትዮጵያ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ከክፍያ ነጻ አደረገ። ደብተር፣ ቦርሳ፣ ዩኒፎርምና መዋጮ ግን ለወላጅ ቀሩ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የሕዝብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ደግሞ ወላጅ በትምህርት ቤት አስተዳደር ውስጥ ድርሻ እንዲኖረው የወላጅ መምህር ኅብረትን ሥራ ዘረዘረ። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብርም ከአራት ዋና ጉዳዮቹ አንዱን የኅብረተሰብ ተሳትፎ አድርጎታል።

ደንቡ ይህን ይበል እንጂ ብዙ ወላጅ ትምህርት ቤት የሚረግጠው በሦስት ምክንያት ነው፦ በመስከረም ለምዝገባና ለመዋጮ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ለወላጆች በዓል፣ በመሐሉ ደግሞ ልጁ አጥፍቶ «ወላጅ አምጣ» ሲባል። በአገራችን ተማሪ ከሰማቸው ቃላት ሁሉ እንደዚህ የሚያስደነግጥ የለም። ወላጁም ይህን ጥሪ ሲሰማ እንደ ተከሳሽ አንገቱን ደፍቶ ይገባል፤ ይቅርታ ጠይቆ ይወጣል። ለመገሠጽ ብቻ የሚጠራ ወላጅ በሌላ ቀን ለምክር ሲጠራ «ደግሞ ምን አጠፋ?» ይላል እንጂ ሐሳብ ይዞ አይመጣም። ስለ ዩኒፎርም በተጠራ ስብሰባ ላይ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚገኙት፣ የተገኙትም ቀድሞ የተመረጠውን ጨርቅ አጨብጭበው የሚያጸድቁት ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርምና ደብተር በነጻ ማደል ስትጀምር የጥያቄው አንድ ጎን ተለወጠ። ልብሱ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ወደ መነሻው፣ ወደሚሰጥ ልብስነቱ ተመለሰ። ለዕለት ጉርሱ ለሚደክም ቤተሰብ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም መንግሥት ከፈለ ማለት ወላጅ አያገባውም ማለት አይደለም። በጅምላ የሚሰፋ ልብስ የእያንዳንዱን ልጅ ልክ አይጠብቅም። በተለይ በመካከለኛ ደረጃ፣ በሰኔ የተለካ ልጅ በጥቅምት ሌላ ልጅ ነው። የጠበበው የት ይቀየራል? የሴት ልጆቹ ጉርድ ርዝመትና ጨርቅ ለዕድሜያቸው ይመቻል? የወር አበባ የጀመረች የ13 ዓመት ልጅ ፈካ ወይም ነጣ ያለ፣ የሚያሳይ ጨርቅ ሲሰጣት ምን እንደሚሰማት ከእናቷ በላይ የሚያውቅ የለም። እናቲቱ ካልተጠየቀች ግን ይህ በየትኛውም ግዢ ሰነድ ውስጥ አይገባም።

የእምነትም ጉዳይ አለ። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ሂጃብ የለበሱ ሴት ተማሪዎች ወደ ክፍል እንዳይገቡ በመከልከላቸው ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። የልብስ ደንብ የልጅን የትምህርት ዕድል እስከ ማቋረጥ ሊደርስ እንደሚችል ያየነው እዚያ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ በትምህርት ቤት በር ላይ ሊፈታ አይችልም። የሁሉም እምነት ተከታይ ወላጆች ባሉበት፣ ቀድሞ፣ በሰከነ መንፈስ መነጋገር ይጠይቃል።

በሰኔ የሚጀመር ምክር

እንግዲህ ዩኒፎርም ይቅር አልልም። በወላጅ ምክር የተመረጠ፣ ማንም ልብስ ሰፊ ሊሰፋው የሚችል፣ ከየትኛውም ሱቅ የሚገዛ ጨርቅ ያለው ዩኒፎርም ለድሃው ቤተሰብ የዓመት ልብስን ያቀልለታል እንጂ አያከብድበትም። ይህ እንዲሆን የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባውን ነሐሴ ላይ ሳይሆን ቢዘገይ በሰኔ፣ ሠራተኛ ወላጅ በሚገኝበት በዕረፍት ቀን ይጥራ። ከጨርቁ በፊት ዋጋው ይነገር። ቀለም የሚቀየር ከሆነ አሮጌው ለአንድ ተጨማሪ ዓመት ይለበስ። ልጃቸው ያደገባቸው ወላጆች ደህናውን ልብስ አጥበው ለሌላ ልጅ የሚያስተላልፉበት አንድ ክፍል ትምህርት ቤቱ ያዘጋጅ። አቅም የሌለው ወላጅ ችግሩን በሰው ፊት ሳይናገር የሚረዳበት መንገድ ይኑር፤ ለዚህ የልጁን ክፍል ኃላፊ መምህር የሚያህል የለም። ወላጆችም ስንጠራ እንሂድ፤ ካልተጠራን ራሳችን እንጠይቅ። ባልተገኘንበት የተወሰነውን በኋላ በየቤታችን ማማረር ለልጆቻችን አይጠቅምም።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ዛሬውኑ ያለ ስብሰባ ሊቆም ይችላል። ሸሚዙ ስላልደረቀ ወይም ሱሪው ስለተቀደደ ልጅን ከበር መመለስ ይቅር። ያ ልጅ የሚያመልጠው የዚያን ቀን ሒሳብና ሳይንስ ነው፤ ልብሱን የሚገዛው ግን እሱ አይደለም። ርእሳነ መምህራንና የበር ጥበቃዎች ሆይ፣ ልጁን መጀመሪያ ወደ ክፍል አስገቡት። የልብሱን ጉዳይ እኛ አዋቂዎቹ እንነጋገርበታለን።