አዝማሪው ያፈጥናል፤ ኦርጋኑስ?

ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ያደገ ሰው የሰርግ ዳስ ሲነሳ ማሲንቆን ሳያስታውስ አይቀርም። አሁን አሁን ግን አዝማሪው ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ኦርጋን፣ አንዳንዴም ፍላሽ የተሰካበት ስፒከር ብቻ እናያለን። ለመሆኑ ማሽኑ የአዝማሪውን ሥራ በሙሉ ተክቶታል? እስቲ እንደ መሐንዲስ እንየው።

መጀመሪያ ድምፁን እንውሰድ። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ አለው፤ ክሩም የፈረስ ጭራ ነው። ደጋኑ ሲሳብ ክሩን ይዞ ይጎትተዋል፤ ክሩ ያመልጠዋል፤ ደጋኑ መልሶ ይይዘዋል። ይህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በመቶ ለሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም ድምፅ ይሆናል። ጣት ክሩ ላይ የትም ሊያርፍ ስለሚችል፣ አዝማሪው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ይሄዳል።

ኦርጋን ግን አንዱን ኦክታቭ ለ12 እኩል ደረጃዎች ይከፍለዋል። ውስጡ ያለው «ማሲንቆ» ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የተቀዳ ናሙና ነው። በሲዲ ጥራት የተቀዳ ድምፅ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ተለክቶ በቁጥር ይቀመጣል። ቁልፉን ስንነካ ማሽኑ እነዚያኑ ቁጥሮች መልሶ ያነባል፤ በቃ።

ይህ ማለት ማሽን ጥበብ አያውቅም ማለት አይደለም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮንንና ሲንተሳይዘርን አጣምሮ ብቻውን አልበም ሠርቷል፤ ዛሬም ይደመጣል። ድሮ ሙሉ ባንድ የሚጠይቀውን አንድ ሰው ሠራው።

ዋናው ልዩነት ያለው ሌላ ቦታ ነው። የኦርጋኑን የችክችካ ቁልፍ ተጭናችሁ ፍጥነቱን 120 ብትሉት፣ ሰው እስኪቀይረው ድረስ 120 ነው። ዳሱ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም አያውቅም። አዝማሪው ግን የጨፋሪውን ትከሻ እያየ ያፈጥናል፤ ሽማግሌ ሲገባ ዜማውን ትቶ ያወድሳል፤ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጠው ተቀብሎ ያዜማል። በምህንድስና ይህን ግብረ መልስ እንለዋለን፦ ውጤቱን አይቶ ሥራን ማስተካከል። እንጀራ ጋጋሪ ምጣዱ ሲግልባት እሳቱን እንደምትቀንሰው ማለት ነው።

ምትን ተከትሎ ፍጥነቱን የሚቀይር ፕሮግራም መሥራት ይቻላል፤ ተሠርቷልም። ሰምና ወርቁን ሰምቶ፣ የማን አጎት እንደተነካ ገብቶት፣ እዚያው መልስ መስጠት ግን ሌላ ጣጣ ነው።

የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ቅጂ ዜማውን ያስቀምጣል እንጂ አዝማሪው በዚያች ቅጽበት ለምን እንደዚያ እንዳለ አያስቀምጥም። ይህን የአዝማሪ ልጅ የሚማረው አባቱን ተከትሎ ዳስ ለዳስ ሲዞር ነው። ዳሱ ከተዘጋበት ትምህርት ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው።

በሚቀጥለው ሰርግ ይህን ሞክሩ፦ ሙዚቃው ሲጀምርና ጭፈራው ሲደምቅ፣ ሁለቴ፣ የአንድ ደቂቃ ጭብጨባ ቁጠሩ። ቁጥሩ ካልተለወጠ ምናልባት ማሽን ነው። ከተለወጠ ግን አንድ ሰው እናንተን እያየ ነው።