ማርሚታው ሲተነፍስ

ከደሴ ተነስቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ መንገደኛ በማለዳ መስኮት አያስከፍትም። ጉጉፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርን ያለፈ ደጋ ነው፤ ነፋሱ ጋቢ ይበሳል። ትንሽ አየር ይግባ የሚል ቢገኝ እንኳ ከኋላ ወንበር «ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ሊመታን ነው!» ይባላል። መኪናው ደህና ከሆነ ክፋት የለውም። ከወለሉ ሥር ያለው ማርሚታ የሚያፈስ ከሆነ ግን ለብርዱ ተብሎ የተዘጋው መስኮት ጭሱንም አፍኖ ያስቀራል።

ማርሚታ ሲባል ብዙ ሰው ከመኪናው ጭራ ብቅ ያለችውን ቱቦ ያስባል። የጭሱ መንገድ የሚጀምረው ግን ከሞተሩ ራስ፣ ከቴስታታው ነው። ጭሱ ከየሲሊንደሩ ወጥቶ በኮሌቶር ይሰበሰባል፣ በቱቦ ይወርዳል፣ ድምፅ የሚያፍነውን ሳጥን አልፎ ይወጣል። በየመሐሉ መገጣጠሚያ አለ፤ አንዱ በጓርኒሲዮንና በቡሎን፣ አንዱ በፋሼታ፣ ሌላው በብየዳ የተያያዘ። ጣጣው ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ይነሳል።

አንድ ሜትር የብረት ቱቦ ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ወደ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። የቤንዚን ሞተር ዳገት ሲገፋ ከኮሌቶሩ የሚወጣው ጭስ ከ700 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ሌሊቱን በመካነ ሰላም ቅዝቃዜ ያደረ ብረት ጠዋት በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፣ ማታ ተመልሶ ይቀዘቅዛል። ይህ መርዘምና ማጠር ሲደጋገም ቡሎኑ ይላላል፣ ጓርኒሲዮኑ ይበላል፣ ኮሌቶሩም ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

ውሃም አለ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ሩቅ የሚሄድ መኪና ሳጥኑ ስለሚግል እንፋሎቱን ያባርረዋል። ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ ሰፈር የምትመላለሰው ባጃጅ ግን ማርሚታዋ በቅጡ ሳይሞቅ ትቆማለች፤ ውሃው እዚያው ይተኛል፣ ብረቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። ከላይ ደህና የሚመስል ሳጥን በመዶሻ ጫፍ ሲነካ የሚበሳው ለዚህ ነው።

የማርሚታ ጣጣ የስፖርት መኪናንም አይምርም። በደሴና በመካነ ሰላም መንገድ ላይ እንዲህ ያለ መኪና አይጠበቅም። ዘመዱን ግን ኢትዮጵያውያን ከቆየ ጊዜ ጀምረው ያውቁታል፤ ቮልስ ነው። የቮልስን ንድፍ ያወጣው ፌርዲናንድ ፖርሽ ሲሆን፣ በስሙ የሚጠራው ድርጅት በ1948 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፖርሽ 356 የቮልስን ሞተርና ዕቃዎች ይዞ የተነሳ ነበር። ከኋላ የተቀመጠ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር፤ ፖርሽ 911ም እስከ 1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ድረስ ከዚህ አልወጣም። ቮልስ ሲፈታ ሲገጥም ያደገ መካኒክ የእነዚህ መኪናዎች ሆድ ሥር ቢገባ ብዙ ነገር ባዕድ አይሆንበትም።

ዋናው ተመሳሳይነት ማሞቂያቸው ነው። የራዲያተር ውሃ ስለሌላቸው ተሳፋሪውን የሚያሞቁት በጭሱ ቱቦ ግለት ነው፦ ቱቦው በላሜራ ሽፋን ይከበባል፣ አየር በመሐላቸው አልፎ ይሞቃል፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባል። ቱቦው ወይም መገጣጠሚያው ሽፋኑ ውስጥ ካፈሰሰ ሙቀት ያመጣል የተባለው አየር ጭስ ይዞ ይመጣል። የስፖርት መኪና ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጋራዥ የሚሮጠው ድምፁ ስለተበላሸበት ነው፤ በእኔ ግምት ድምፁ ከጉዳዩ ሁሉ ቀላሉ ነው።

በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፤ ተሳፋሪው ግን «መኪና አይስማማኝም» ብሎ ሎሚውን ያሸታል። ደጋው ደግሞ ነገሩን ያከፋዋል። መካነ ሰላም በ2,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሳንባ መጀመሪያውኑ የሚያገኘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። ካርቡሬተር ያለው አሮጌ መኪናም ሽቅብ በወጣ ቁጥር አየር እያነሰው፣ ቤንዚን እየበዛበት፣ ይህንኑ ጋዝ አብዝቶ ይተፋል።

ናፍጣ የሚጠጣው አይሱዙ በዚህ ረገድ ይሻላል። የእሱ ፈተና ቁልቁለቱ ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጉንደወይን ለመሻገር ወደ ዓባይ ሲወረድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። በእንዲህ ያለ መውረጃ ሾፌሩ የእግር ፍሬኑ እንዳይግልበት በጭስ ማውጫው የሚሠራውን ረዳት ፍሬን ይጠቀማል፦ ቱቦው ውስጥ ያለች ክዳን ትዘጋለች፣ ጭሱ ወደ ኋላ ይታመቃል፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል። የታመቀው ጭስ ከክዳኗ በፊት ያለውን መገጣጠሚያ ሁሉ ይፈትናል። ጓርኒሲዮኑ የተበላ ከሆነ ግፊቱ በዚያ ያመልጣል፣ ረዳት ፍሬኑም ይዳከማል። ያኔ ሸክሙ ሁሉ ወደ እግር ፍሬኑ ይዞራል።

ማፍሰሱን ለማወቅ የተሻለው ሰዓት ጠዋት፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ነው። በየምቱ «ጭክ ጭክ» የሚል ድምፅ ይሰማና ሲሞቅ ይጠፋል፤ ብረቱ ተለጥጦ ክፍተቱን ስለደፈነ እንጂ ስለዳነ አይደለም። መገጣጠሚያው ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ካለ ፍለጋው አለቀ። ካልታየ አንዱ የጭራውን ቱቦ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ይይዛል፣ ሌላው በየመገጣጠሚያው የሳሙና ውሃ ይቀባል፤ አረፋ የሚነፋበት ቦታ እሱ ነው። ይህ ከቤት ውጭ፣ ማርሚታው ሳይግል መደረግ አለበት።

መንቋቋት ሌላ ነገር ነው። ሞተሩ በጎማ ላይ ስለተቀመጠ ይወዛወዛል፣ ማርሚታው አብሮት ይሄዳል፣ የመኪናው አጽም፣ ቴላዮው፣ ግን ባለበት ነው። በኮረኮንች መንገድ የማርሚታው መስቀያ ጎማ ይበጠስና ቱቦው ወለሉን ይደበድባል፤ ሙቀት የሚከላከለው ላሜራ ቡሎኑ ተበልቶ ይንቃጨላል፤ ወይም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ክፍልፋይ ተላቆ እንደ ጸናጽል ይጮኻል። የመጨረሻው ከውጭ በመበየድ አይድንም፤ ሳጥኑ ይቀየራል ወይም ይከፈታል። ብዙ በያጆች ደግሞ የተበጠሰውን ጎማ በብረት ሽቦ ይተኩታል፤ ያኔ የሞተሩ ውዝዋዜ በሙሉ ወደ ኮሌቶሩ ስለሚዞር ከወራት በኋላ መኪናው ለተሰነጠቀ ኮሌቶር ይመለሳል። የአንዲት ጎማ ስስት በጣም ውድ ነው።

ጥገናው ቸኩሎ አይሆንም። ዝገት የያዘው ዳዶ በጉልበት ሲፈታ ቡሎኑ ቴስታታው ውስጥ ይሰበራል፤ ዘይት ተቀብቶ ማደር፣ ካልሆነ ዳዶው ብቻ መሞቅ አለበት። ፊቱ የተጣመመ ኮሌቶር ሳይስተካከል አዲስ ጓርኒሲዮን ቢደረግለት ዕቃው ይባክናል። የተሰበረን ቱቦ በዚንክ በተለበጠ የውሃ ቧንቧ መቀጠልም የተለመደ ነው፤ ዚንኩ ሳይፋቅ ከተበየደ ጭሱ በያጁን ያንቀጠቅጠዋል፣ ከዚያ የሚጠጣው ወተትም አያድነውም። ኮምፒውተር ባለው መኪና ላይ ከመበየድ በፊት የባትሪው ገመድ ይነቀላል።

ሥራው ሲያልቅ መኪናው አንድ ዙር ይነዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ተራዎቹ ዳዶዎች አንድ ጊዜ እንደገና ይጠብቃሉ። ሞላ ያለባቸው ቡሎኖች ግን አይነኩም፤ ሞላው የተደረገው መገጣጠሚያው ከሞተሩ ጋር እንዲተጣጠፍ ነውና አጥብቆ የቆለፈው መካኒክ የመገጣጠሚያውን ቀለበት ሰብሮ ማፍሰሱን ከመነሻው ይጀምረዋል።