ልጄን ላሳክመው ወይስ እንዳለ ልቀበለው? ኦቲዝምና የወላጆች ጥያቄ

እዚህ ልደታ በምሠራበት ክሊኒክ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ወላጆች ሁለት ዓይነት ነገር እሰማለሁ። አንዱ «ዶክተር፣ እንደ እኩዮቹ የሚሆነው መቼ ነው?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ተፈጥሮው ነው፣ ለምን እናስጨንቀዋለን?» ይላል። ሁለቱም ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን አንዱን ብቻ መያዝ ልጁን ይጎዳዋል።

ኦቲዝም የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። እንደ ታይፎይድ በመድኃኒት የሚድን በሽታ አይደለም። ከእርግማን፣ ከክትባት ወይም ከእናት ጥፋት አይመጣም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከ127 ሰዎች 1 ሰው ላይ እንደሚገኝ ገምቷል።

📌 ለምን ቶሎ?

አእምሮ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቋንቋና መግባባትን በቀላሉ ይማራል። ስለዚህ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» እያላችሁ አትጠብቁ። እነዚህን ካያችሁ ልጁን አሳዩት፦

✅ በ12 ወር ስሙ ሲጠራ ዞር ካላለ፣ በጣቱ ካልጠቆመ
✅ በ16 ወር አንድም ቃል ከሌለው
✅ በ2 ዓመት ሁለት ቃል ካላገጣጠመ
✅ በየትኛውም ዕድሜ የነበረው ንግግር ከጠፋ

ጆሮው በደንብ መስማቱም ይመርመር።

📌 መቀበል የቱ ጋ ነው?

አንድ ነገር ልታስተምሩት ወይም ልታስተዉት ስታስቡ «ይሄ የሚጠቅመው ማንን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ውሃ ሲጠማው በቃልም በሥዕልም መናገር፣ ሽንት ቤት መጠቀም፣ አስፋልት ላይ ሮጦ አለመግባት ለራሱ ይጠቅሙታል። ሳትሰለቹ አስተምሩት።

ሲደሰት እጁን ቢያራግብ፣ ቆርኪ ቢደረድር ግን ማንን ጎዳ? የጎረቤት ዓይን ስለፈራን ብቻ አናስጥለው። «ዓይኔን እየኝ» ብሎ አገጩን መያዝም አያስፈልግም።

ራሱን ከመታ ወይም ከነከሰ ግን ዝም አይባልም። ጥርሱን ወይም ጆሮውን አሞት፣ ጫጫታ በዝቶበት ሊሆን ስለሚችል ምክንያቱ ይፈለግ።

ሁለቱን አብሮ ማስኬድ እንደሚቻል ወ/ሮ ዘሚ የኑስ አሳይተውናል። ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው ቦታ ሲያጡ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በ2021 እ.ኤ.አ. እስኪያርፉ ድረስ ልጆቹ እንዲማሩም፣ ቤት ውስጥ ተደብቀው እንዳይቀሩም ታግለዋል።

📌 ዛሬ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

በቀን ለጥቂት ደቂቃዎች ከልጁ ጋር መሬት ላይ ቁጭ በሉ። እሱ መኪና የሚያሽከረክር ከሆነ እናንተም አሽከርክሩ። «መኪና»፣ «ሄደ» እያላችሁ በአጭር ቃል ተናገሩ፤ ከዚያ ታገሡና መልሱን ጠብቁ። ድምፅም፣ እይታም፣ ጥቆማም መልስ ነው።

ጠበል የምትወስዱትም ውሰዱ፤ ክትትሉን ግን አታቋርጡ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ደግሞ መድኃኒቱን በፍጹም እንዳያቆም።

ልጁ እንዲማር እንርዳው፤ እስኪለወጥ ድረስ ግን ፍቅራችንን አናቆየው።

ልጁ ለምን አፉን እንዳልፈታ ግራ ለገባው ወላጅ ሼር አድርጉለት።