በገደብ ስላለው የቤተሰብ ቤትና የወተት ላም ቅርስ



አገርን የሚመግብ እርሻ በማሳው ስፋት ብቻ አይለካም፤ ማሳው ኃይሉን የሚያገኝበት ቤትና በረት እንዴት እንደ ተያዘም መመርመር ያስፈልጋል። ለዚህም ነገር በጌዴኦ ምድር ደቡባዊ ጫፍ ከጉጂ ጋር የሚዋሰነው የገደብ ወረዳ መልካም ምሳሌ ይኾናል። ይህ አገር ቀድሞ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት በደራሳ አውራጃ ሥር የነበረ ሲኾን፥ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛል።

የአባቶች ቤት ክብ ነው። ግድግዳው ከእንጨትና ከቀርከሃ ይሠራል፤ ክዳኑም ሣር፥ ወይም ከቀርከሃና ከእንሰት የሚገኝ ሽፋን ነው። በብዙው አሮጌ ቤት ሰው በአንድ ወገን፥ ላምና ጥጃ በሌላው ወገን ያድራሉ። ይህን የሚያይ እንግዳ የድህነት ምልክት ነው ብሎ ይፈርድ ይኾናል፤ ነገር ግን ሥርዐቱ በብልሃት የቆመ ነው። ከብቱ ከደጋው ብርድ፥ ከሌባና ከአውሬ ይጠበቃል፤ ፍጉም ሳይባክን ጠዋት ጠዋት ተጠርጎ በቤቱ ዙሪያ ወደ ተተከለው እንሰት ይኼዳል። እንሰቱ ከቡናው ጋር በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያድጋል፤ ቅጠሉም ተመልሶ ለላሟ መኖ ይኾናል።

ስለዚህ ላሟን በወተቷ መጠን ብቻ መቍጠር ስሕተት ነው። የአገሩ ላም በቀን የምትሰጠው ወተት ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ቢኾን ነው፤ ፍጓ ግን ለብዙ ዓመት የሚቆይን የእንሰት ተክል ይመግባል። ደግሞም ቆጮ ለሰውነት ኃይል የሚሰጥ ምግብ ቢኾንም ሥጋን የሚገነባው ነገር በውስጡ ጥቂት ነው፤ ጉድለቱን የሚሞሉት ወተትና አይብ ናቸው። ቤቱ ላም ያጣ እንደ ኾነ ሕፃኑም እንሰቱም አብረው ይራባሉ።

በዚህ አገር የከብት ነገር የትናንት አይደለም። ከዲላ ከተማ ብዙ ሳይርቅ በሸጴ ዓለት ላይ የጥንት ሰዎች የቀረጿቸው ላሞች ይታያሉ፤ ሻኛ የላቸውም፥ ጡታቸው ግን ጎልቶ ተቀርጿል። መስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በሪያድ በተደረገው ጉባኤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። የተመዘገበውም ትክል ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ ዛፉ፥ ቡናው፥ እንሰቱና ይህን ኹሉ የሚያስተዳድረው የሽማግሎች ሥርዐት ጭምር ነው።

ይኹን እንጂ ቅርሱ በሦስት ወገን ተጨንቋል። አንደኛ፥ ይዞታው ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል ጠቦ የግጦሽ ስፍራ ጠፍቷል። ሁለተኛ፥ የቆርቆሮ ቤት ሲስፋፋ የአሮጌው ቤት አሠራር ዕውቀት ከሽማግሎች ጋር እያለፈ ነው። ሦስተኛ፥ በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ተፈናቅለው ነበር፤ ቤት ተቃጠለ፥ ከብት ተዘረፈ። ገደብም ከተፈናቃዮቹ ብዙዎቹን አስጠግታ ነበር። ቤቱ መልሶ ቢሠራ እንኳ በረቱ ባዶ ከኾነ ማሳው ፍግ አያገኝም።

ስለዚህ ሹማምንት ሊፈጽሟቸው የሚገቡ ነገሮች እነዚህ ናቸው። በየቀበሌው ጸንተው የቆሙ አሮጌ ቤቶች ከነባለቤቶቻቸው ፈቃድ ይመዝገቡ፤ የሚሠሩትም ዐዋቂዎች ለወጣቶች እንዲያስተምሩ ይደረግ። የጤና ነገር ሲታዘዝ ቤቱ ይፍረስ አይባል፤ በሰውና በከብት መካከል ግድግዳ ይቁም፥ ለጢሱ መውጫ፥ ለሽንቱም መውረጃ ቦይ ይበጅ፥ አላቢውም እጁንና የላሟን ጡት ይጠብ። ግጦሽ በጠበበበት ስፍራ በእርከኑ ዳር ደሾ ሣር ይተከል። ከብቱን ላጣ ቤተሰብ ርዳታ ሲታሰብም ከቆርቆሮው አስቀድሞ ጊደር ይታሰብለት።

መሬት ከ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ወዲህ የሕዝብ ስለ ኾነ የዚህ ቅርስ ጠባቂ አንድ ባለርስት ሊኾን አይችልም። ጠባቂዎቹ ቤቱን የሚጠግነው አባወራ፥ በረቱን የምትጠርገው እማወራ፥ ይህንንም ዐውቆ የሚያግዛቸው ሹም ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል የዓለም ቅርስ የሚለው ጽሕፈት በመዝገብ ይቀራል እንጂ በማሳው ላይ አይገኝም።