ቅቤ የነካው ድስትና ዘይት የነካው ድስት

ድስት ሥር የያዘ ሽሮ በሽቦ እየተፈገፈገ ቧንቧው ክፍት ይቆያል። በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር የሚያወርድ ቧንቧ በሦስት ደቂቃ ፍግፈጋ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይጨርሳል፤ ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ይህ ቀላል አይደለም። ድስቱ ግን የሚፈልገው አንድ ጆግ ውሃና ግማሽ ሰዓት ነው። የደረቀው ሽሮ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ከብረቱ ይላቀቃል፤ ከዚያ በኋላ ስፖንጅ ይበቃዋል።

ሙቅ ውሃ የሚያስፈልገው መቼ ነው? እሱን የሚወስነው ወጡ የተሠራበት ቅባት ነው። ቅቤ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ገደማ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይረጋል፤ ሳህኑ ላይ ይለጠፋል፣ ስፖንጁን ያበላሻል፣ በሳሙና ላይ ሳሙና ያስጨምራል። ስለዚህ የዶሮ ወጥ ድስት ለብ ያለ ውሃ ይገባዋል። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ግን በብርድም ፈሳሽ ነውና ሳሙናው በቀዝቃዛ ውሃ ያነሣዋል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ከቅቤ ወገን ይቆጠር። እንግዲህ በጾም ወራት፣ የሚረጋ ዘይት እስካልተጠቀምን ድረስ፣ ለዕቃ ብሎ ውሃ ማፍላት ትርፉ የእጅ ምቾት ብቻ ነው፤ በሐምሌ ጠዋት ደግሞ እሱም አይናቅም።

ለፍስኩ ቀንም ቢሆን ብዙ ማፍላት አያሻም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 2 ሊትር ፍል ውሃ በ4 ሊትር ቀዝቃዛ ሲበረዝ ወደ 43 ዲግሪ ይሆናል፤ ለቅቤ ይበቃል። የሚለቀለቀው ደግሞ በቀዝቃዛ ነው። የሕፃን ጡጦና የታመመ ሰው ዕቃ ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ላይ ቁጠባ የለም።

ቀዝቃዛው ውሃም ቢሆን መብራት በልቶ ነው የሚመጣው። የአቃቂ ጉድጓዶች ከከተማው ዝቅ ብለው ስለሚገኙ ውሃቸው ሽቅብ በፓምፕ ይገፋል። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 300 ሜትር ለማንሣት፣ የፓምፑ ብክነት ሳይታሰብ፣ 0.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል።

ማለቅለቁ ላይ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ዕቃዎቹ ላይ የቀረው የሳሙና ውሃ 100 ሚሊ ሊትር ነው እንበል። በ6 ሊትር አንዴ ቢለቀለቅ ሳሙናው ወደ 60 እጥፍ ይቀጥናል። ያንኑ 6 ሊትር ለሁለት ሳፋ ከፍለን በየተራ ብንነክረው ግን 30 እጥፍ፣ ከዚያ እንደገና 30 እጥፍ፣ በጠቅላላው 900 እጥፍ ገደማ ይቀጥናል። የሁለተኛው ሳፋ ውሃ ብዙም ስለማይቆሽሽ ለቀጣዩ ዙር ማጠቢያ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ሽንት ቤት ይደፋበታል። ብርጭቆና ሲኒ ይቅደሙ፣ ሳህን ይከተል፣ ድስት መጨረሻ ይግባ፤ ተራው ከተገለበጠ ግን ቅባቱ ብርጭቆው ላይ ያርፍና ውሃ መቀየር ግድ ይላል።

ጀበናና የሸክላ ምጣድ ሳሙና አይነካቸውም። ሸክላ ሳሙናውን ይጠጣል፣ ቆይቶም ለቡናው ይመልሰዋል። ጀበና በውሃ ብቻ ይለቀለቃል፤ ምጣዱ ደግሞ በጎመን ዘርና በማሰሻ ይታሰሳል።